አስትሮይዶች፦ የፈረሰ ፕላኔት ወይስ ሳይሠራ የቀረ?

ጥያቄ፦ «ከማርስና ከጁፒተር መሀል የሚዞሩት አስትሮይዶች ድሮ አንድ ፕላኔት ነበሩ፤ እሱ ሲፈነዳ የተበተኑ ስብርባሪዎች ናቸው እያለ ጓደኛዬ ይከራከረኛል። እኔ አልመሰለኝም፤ ግን ማስረዳት አቃተኝ። እውነቱ የቱ ነው? ፕላኔት ካልነበሩስ እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

ምላሽ፦ አጭሩን ላስቀድም። ጓደኛዎ ተሳስቷል። አስትሮይዶች የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ አይደሉም። ቤቱ ሳይሠራ በመቅረቱ ግቢው ውስጥ ተከምሮ የቀረ ድንጋይና አሸዋ ናቸው። ግንባታውን ያስቆመው ደግሞ ጎረቤትየው ጁፒተር ነው።

ግን ጓደኛዎ ላይ አይሳቁበት። ይህን ሐሳብ ያመጣው ሰው በዘመኑ ከነበሩት ጎበዝ የሰማይ ተመልካቾች አንዱ ነበር። ታሪኩ ደግሞ ደስ ይላል፤ ትንሽ ልቆይበት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት አንድ ክንድ እንበለው። ትክክለኛው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጨዋታችን ግን ክንድ ይሻላል። ማርስ አንድ ክንድ ተኩል ላይ ነው። ቀጣዩ ጁፒተር አምስት ክንድ አልፎ ነው የሚገኘው። መሀሉ ሰፊ ነው፤ ያውም ከመጠን በላይ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፕላኔቶችን ርቀት በቁጥር ሲደረድሩ የነበሩ ሰዎች ይህ ክፍተት ይከነክናቸው ነበር። በእነሱ ድርድር መሠረት 2.8 ክንድ ላይ አንድ ፕላኔት መኖር ነበረበት። በ1781 ዩራነስ ተገኘና ርቀቱ ድርድሩ ውስጥ ገጥሞ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸው! የጠፋውን ፕላኔት ፍለጋ ተጧጧፈ።

ያገኘው ግን ሲፈልግ የነበረ ሰው አይደለም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ሌሊት፣ በሲሲሊ ደሴት ፓሌርሞ ከተማ፣ ጁሴፔ ፒያዚ የሚባል ካቶሊካዊ ቄስ የከዋክብት መዝገብ እያዘጋጀ ነበር። አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ፤ ቦታዋን መዘገበ። በማግስቱ ሲመለስባት ቦታዋን ለቃለች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ኮከብ እንዲህ አይሄድም። እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ተከታተላት፤ ከዚያ ታመመ። ሌሎች ሊያዩዋት ሲነሱ ደግሞ ነጥቧ ወደ ፀሐይ ብርሃን ገብታ ተሰወረች። ጉድ ፈላ። ተገኘች ሲባል ጠፋች።

የ24 ዓመቱ የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ነው ያዳናት። ከፒያዚ ጥቂት ምዝገባዎች ተነስቶ ምህዋሯን በወረቀትና በብዕር አሰላና «እዚህ ጋ ፈልጉ» አለ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ፍራንዝ ፎን ዛክ እዚያው አካባቢ አገኛት። ሴሬስ ተባለች። ርቀቷም ወደ 2.8 ክንድ ሆነ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1802 ሃይንሪሽ ኦልበርስ እዚያው ሰፈር ሌላ አገኘ፤ ፓላስ። ለአንድ ፕላኔት በተተወ ቦታ ሁለት? ኦልበርስ ነው እንግዲህ «ምናልባት ድሮ የተሰበረ የአንድ ፕላኔት ቁራጮች ይሆናሉ» ያለው። ከዚያ በ1804 ጁኖ፣ በ1807 ቬስታ ተጨመሩ። ሐሳቡ የተረጋገጠ መሰለ። ጓደኛዎ የያዘው ይህን ነው፤ ከ200 ዓመት በላይ የቆየ አሮጌ ሐሳብ።

«አስትሮይድ» የሚለውን ስም በዚያው በ1802 ያወጣው ዊልያም ኸርሸል ነው። «ኮከብ መሰል» ማለት ነው። በጊዜው በነበረው ምርጥ ቴሌስኮፕም ሲታዩ እንደ ኮከብ ነጥብ ብቻ ነበሩ። ስሙ አሳሳች ነው፤ ከኮከብ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። ድንጋይና ብረት ናቸው፤ አንዳንዶቹ በረዶም አለባቸው።

አሁን ሐሳቡ ለምን እንደወደቀ እንይ።

መጀመሪያ ነገር፣ ዕቃው አይሞላም። አስትሮይዶቹ የሚዞሩበት ያ በማርስና በጁፒተር መሀል ያለ ስፍራ ቀበቶ ይባላል። በቀበቶው ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሴሬስ እስከ መጨረሻዋ ጠጠር ሰብስበን ሚዛን ላይ ብናወጣው፣ የጨረቃችንን 3 በመቶ ያህል ብቻ ይመዝናል። የመሬትን አላልኩም፤ የጨረቃን ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ብናድበለብለው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ኳስ ብትወጣን ነው፤ የጨረቃ ሲሶ። ከዚያ ክብደት ውስጥ ደግሞ 940 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ሴሬስ ብቻዋን ከሲሶ በላይ ይዛለች። ፕላኔት ከፈነዳ ታዲያ የቀረው የት ገባ?

ፕላኔት ደግሞ እንደ ቦምብ በራሱ አይፈነዳም። የራሱ ስበት ወደ ውስጥ ጨምቆ ይዞታል። ያንን ጭብጥ ፈትቶ ለመበተን የሚያስፈልገውን ጉልበት ከየት ያመጣዋል? እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ የሰጠ የለም።

ከሁሉም የሚጥመኝ ማስረጃ ግን እጅ ላይ የሚያዘው ነው። ከአስትሮይዶች ተሰብረው መሬት ላይ የሚወድቁ ድንጋዮች ሜትዮራይት ይባላሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹ ጥርት ያለ ብረትና ኒኬል ናቸው። ትንሽ ቁራጭ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጧት ክብደቷ ያስደነግጣል፤ ዓይን የገመተውና እጅ የተሸከመው አይገናኙም። ይህን ብረት በመጋዝ ቆርጠው፣ ፊቱን አለስልሰው፣ በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ሲያጥቡት አንድ ነገር ብቅ ይላል። እርስ በርስ የሚቆራረጡ ረጃጅም መስመሮች፣ ልክ እንደ ተሸመነ ጨርቅ። ማንም አልሣለውም። ኒኬል የበዛበትና ኒኬል ያነሰበት ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እየተለያየ የሠራው ነው። ቀስ ብሎ ስል እጅግ ቀስ ብሎ ነው፤ በአንዳንዶቹ በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ዲግሪ ብቻ። እንዲህ ያለውን ብረት የትኛውም ፋብሪካ ሊሠራው አይችልም፤ ጊዜ የለውም።

የመስመሮቹ ውፍረት ብረቱ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ ይናገራል። ፍጥነቱ ደግሞ ብረቱ ምን ያህል ትልቅ አካል ውስጥ ተቀብሮ እንደነበር ይጠቁማል። መልሱ ትንንሽ አካል ነው፤ ስፋታቸው በአሥርና በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር። በውስጣቸው ያለው የጋሊየም፣ የጀርማኒየምና የኢሪዲየም መጠን ሲለካ ደግሞ ከአንድ ሳይሆን ከብዙ አሥር የተለያዩ አካላት እንደመጡ ይታያል። ብዙ ናቸው፤ እናታቸው አንድ አይደለችም።

ለክርክር ይህ ይበቃዎታል። አንድ ልጨምር፤ ቀበቶው ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ከፀሐይ ቀረብ ባለው ጠርዝ ድንጋያማና ደረቅ አስትሮይዶች ይበዛሉ። ራቅ ባለው ጠርዝ እንደ ከሰል የጠቆሩ፣ ካርቦንና ውሃ ያዘሉ ማዕድናት ያሉባቸው ይበዛሉ።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አዲሷን ፀሐይ የከበበ የጋዝና የአቧራ ዝርግ ነበር። አቧራው ተጣብቆ ጠጠር፣ ጠጠሩ ተሰብስቦ ቋጥኝ፣ ቋጥኙ የተራራና የአገር ያህል አካል ሆነ። መሬትም የተሠራችው እንዲህ ነው። ዘዴው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አካላቱ ቀስ ብለው መነካካት አለባቸው። ቀስ ብለው ከተነካኩ ይዋሃዳሉ። በፍጥነት ከተጋጩ ይሰባበራሉ።

ጁፒተር ቀድሞ ወፈረ። ዛሬ የ318 መሬት ክብደት አለው። በዚያ ጉልበት የጎረቤቶቹን ምህዋር ጎትቶ አዛባው። አንዱ ተለጠጠ፣ ሌላው አዘመመ፤ እየተላለፉ በሰላም ሲዞሩ የነበሩት አንዱ የሌላውን መንገድ ማቋረጥ ጀመሩ። ዛሬ በቀበቶው ውስጥ ሁለት አስትሮይዶች ቢጋጩ በአማካይ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚላተሙት። የጠመንጃ ጥይት አምስት እጥፍ ገደማ ቢፈጥን ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ቤት አይሠራም። ከመጀመሪያው ዕቃ አብዛኛው ተሽቀንጥሮ ወጥቷል፤ የቀረው ያ የጨረቃን 3 በመቶ የሚመዝነው ነው። ጁፒተር በዚያ ዘመን ቦታውን ቀይሮ ነበር ወይ፣ ከቀየረስ ምን ያህል ተጠጋ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ። አጥፊው ማን እንደሆነ ላይ ግን ብዙ ክርክር የለም።

የጁፒተር የጣት አሻራ ዛሬም ይታያል። በ1866 ዳንኤል ኪርክውድ የሚባል አሜሪካዊ የአስትሮይዶቹን ርቀት ደርድሮ ሲያይ የተወሰኑ ርቀቶች ላይ ማንም የለም። ከክፍተቶቹ አንዱ 2.5 ክንድ ላይ ነው። እዚያ ያለ አስትሮይድ ፀሐይን ለመዞር 4 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ጁፒተር ደግሞ 12 ዓመት ገደማ። ስለዚህ አስትሮይዱ በየሦስት ዙሩ ጁፒተርን እዚያው ቦታ ላይ ያገኘዋል፤ እዚያው ቦታ ላይም ይጎተታል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን ያስቡ። በዘፈቀደ ቢገፉት ምንም አይሆንም። ልክ ሲመለስ፣ ልክ በሰዓቱ፣ ደጋግመው ቢገፉት ግን በትንሽ ጉልበት ሰማይ ያደርሱታል። አስትሮይዱም እንዲሁ ምህዋሩ እየተለጠጠ ሄዶ ከሰፈሩ ይወጣል። ወደኛ አካባቢ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚወጡት በእንዲህ ዓይነት በሮች ነው።

ስለ ፊልሞች አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። መንኮራኩር በድንጋይ ዝናብ መሀል ግራ ቀኝ እየታጠፈች ስታመልጥ አይተው ይሆናል። ውሸት ነው። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ አስትሮይዶች እንዳሉ ይገመታል፤ ቦታው ግን ከቁጥሩ በላይ ሰፊ ነው። በአማካይ በመካከላቸው 1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ከመሬት እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ሁለት እጥፍ ተኩል። አንዱ ላይ ቆመው ዙሪያዎን ቢያዩ ባዶ ጥቁር ሰማይ ነው የሚጠብቅዎት። ፓዮኒየር 10 የተባለችው መንኮራኩር በ1972 እና በ1973 ቀበቶውን አቋርጣ ስታልፍ ሰዎች ሰግተው ነበር፤ ምንም አልነካትም። እንዲያውም የዛሬ መሐንዲሶች ችግር ተቃራኒው ነው። አንድ አስትሮይድ በቅርብ ለማየት አስበው አቅጣጫ ካላስተካከሉ አንድም ሳያገኙ ነው የሚያልፉት።

ሁሉም ቀበቶው ውስጥ አይኖሩም። ከጁፒተር ፊትና ኋላ፣ በራሱ ምህዋር ላይ፣ ሁለት ትልልቅ መንጋዎች አብረውት ይዞራሉ፤ ትሮጃን ይባላሉ። የመጀመሪያው በ1906 ተገኘ። እነሱን ለማየት በ2021 የተላከችው መንኮራኩር ሉሲ ትባላለች፤ አዎ፣ በዚያችው በቅሪተ አካሏ ስም። በመንገዷ ላይ በኖቬምበር 2023 አንዲት ትንሽ የቀበቶ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው። ስሙ ራሱ ይበቃ ነበር፤ ግን ሌላ ነገርም ተገኘ። ድንቅነሽ 1 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ሆኖም የራሷ ጨረቃ አላት። ጨረቃዋን ጠጋ ብለው ሲያዩ ደግሞ እርስ በርስ ተደግፈው የተጣበቁ ሁለት ድንጋዮች ሆነች። ሰላም ብለው ሰየሟት። አማርኛ አንባቢ ይህን ሳይሰማ እንዲቀር አልፈለግሁም።

አሁን ለጓደኛዎ ትንሽ ላድላ። ፕላኔት አልፈነዳም እንጂ ስብርባሪስ አለ። በ1918 ጃፓናዊው ኪዮትሱጉ ሂራያማ አንዳንድ አስትሮይዶች ተመሳሳይ ምህዋር እንዳላቸው አይቶ «ቤተሰብ» አላቸው። አንድ መለስተኛ አስትሮይድ በግጭት ሲሰበር ልጆቹ በአንድ ሰፈር ይቀራሉ። ቬስታን ይውሰዱ። ዶን የተባለችው መንኮራኩር በ2011 ደርሳ ስትዞራት ደቡብ ዋልታዋ ላይ ያለውን 500 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ በቅርብ አየች። ቬስታ ራሷ እኮ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ናት! ከዚያ ምት የተፈነጠሩ ቁራጮች መሬት ደርሰዋል፤ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል። እና ጓደኛዎ «ስብርባሪ» ሲል ነጥብ ይስጡት፤ «ፕላኔት» ሲል ይቀንሱበት።

ስብርባሪው ተመልሶም ይከመራል። ቤኑ የምትባል 490 ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አስትሮይድ አለች። በኦክቶበር 2020 ኦሳይረስ ሬክስ የተባለች መንኮራኩር ናሙና ልትወስድ ረጅም ክንዷን ዘርግታ ወረደችባት። ሁሉም የጠበቀው ጠንካራ መሬት ነው። ክንዱ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ሰመጠ። ሞተሯን አስነስታ ባትሸሽ ኖሮ መስመጧን ትቀጥል ነበር። ቤኑ አንድ ድንጋይ አይደለችም ማለት ነው፤ የጠጠር ክምር ናት፤ ውስጧ ባዶ ቦታ የበዛበት፣ በደካማ ስበት ብቻ ተያይዛ የቆመች። እርስዎ እዚያ ቆመው ብድግ ብለው ቢዘሉ አይመለሱም፤ ወደ ጠፈር ይሄዳሉ። የናሙና ማጠራቀሚያው ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሞላ ክዳኑን ድንጋይ ወጥሮት አልዘጋ አለ፤ ጠጠሩ ወደ ጠፈር ሲንጠባጠብ ባለሙያዎቹ በምስል እያዩ ይጨነቁ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 መሬት የደረሰው 121.6 ግራም ነው። በዚያች እፍኝ አቧራ ውስጥ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ፕሮቲን ከሚሠሩባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ ተገኝተዋል። ሕይወት ተገኘ ማለት አይደለም፤ ጡቡ ግን ከመሬት በፊትም ነበር ማለት ነው።

ስሞቹን በአጭሩ ልለይ፤ ሁልጊዜ ይምታታሉና። አስትሮይድ ድንጋዩ ነው። ጅራታም ኮከብ በረዶ የበዛበት ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ይተንና ጅራት ያወጣል። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ነገር አየራችን ውስጥ ስትነድ የምናየው ብርሃን ነው። ከተቃጠለው ተርፎ መሬት የወደቀው ያ ቅድም ያልነው ሜትዮራይት ነው።

አልጠየቁኝም እንጂ ቀጣዩ ጥያቄዎ «ይመቱናል ወይ?» እንደሚሆን አውቃለሁ። መትተውናል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንዱ ዛሬ ሜክሲኮ በሆነው ቦታ ወድቆ የዳይኖሰሮችን ዘመን ዘግቷል። እንዲህ ያለው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ትንንሾቹ ናቸው ቶሎ ቶሎ የሚመጡት። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሆነ አንዱ ከፀሐይ አቅጣጫ መጥቶ ማንም ሳያየው ሰማይ ላይ ፈነዳ። ሰዉ ብርሃኑን አይቶ ወደ መስኮት ሮጠ። የፍንዳታው ሞገድ የደረሰው ግን ከደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። መስታወቱ ፊታቸው ላይ ረገፈ፤ 1,500 ያህል ሰዎች ተጎዱ፤ አብዛኞቹ በመስታወት። ሰማይ ላይ እንደዚያ ያለ ብልጭታ ካዩ ከመስኮት ይራቁ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉም አሉ። በሴፕቴምበር 2022 ዳርት የተባለች መንኮራኩር ሆን ተብሎ ዲሞርፎስ ከተባለች የአስትሮይድ ጨረቃ ጋር በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተላተመች። ጨረቃዋ አስትሮይዷን የምትዞርበት ጊዜ ከ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ወደ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ወረደ። የሰው ልጅ የአንድን የሰማይ አካል ጉዞ ሲቀይር የመጀመሪያው ነው። ዘዴው የሚሠራው ግን ብዙ ዓመት ቀድመን ካየነው ነው፤ ለዚህ ነው በየሌሊቱ ቴሌስኮፖች ሰማዩን የሚያስሱት።

ክርክራችሁን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ቀን ልስጣችሁ፤ ኤፕሪል 13 ቀን 2029። ከ300 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው አፖፊስ የተባለ አስትሮይድ ከመሬት ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ብዙዎቹ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከዚያ በላይ ነው የሚዞሩት። አይመታንም፤ ምህዋሩ ተሰልቶ ቢያንስ ለ100 ዓመት ስጋት እንደማይሆን ታውቋል። በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ሰማዩ ከጠራ ያለ ቴሌስኮፕ ይታያል። ጓደኛዎን ይዘው ከከተማ መብራት ራቅ ይበሉ። የምታዩት ነጥብ ነው፤ ኮከብ መሰል ነጥብ። ፒያዚም ያየው ይህንኑ ነበር። እሱ ነጥቧ ቦታዋን መልቀቋን ለማወቅ እስከ ማግስቱ ጠብቋል፤ ለእናንተ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።